ከባሕር ዳር በጀልባ፦ ጉማሬ፣ ወፍና ረግረግ የሚታይበት የግማሽ ቀን ጉዞ እንዴት ይዘጋጅ? (የቅሪተ አካል ጥያቄም አለበት)

ሰባታሚት23
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከባሕር ዳር የሚነሳ የግማሽ ቀን የጀልባ ፕሮግራም እየተዘጋጀ ነው። የገዳማቱ ጉብኝት የታወቀ ስለሆነ ለጊዜው እንተወው። የሚፈለገው ረግረጉን፣ ጉማሬውንና ወፉን ማሳየት ነው። ጀልባዋ ጣራ ያላት የብረት ጀልባ ናት፣ ርዝመቷ 10 ሜትር ገደማ፣ ሞተሩ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ቱ ስትሮክ ያማሃ። እንግዶቹ 8፣ ከነጂውና ከአስጎብኚው ጋር 10 ሰው።

ስንት ሰዓት እንነሳ? የት የት እንድረስ? ለጉማሬ እስከ ምን ድረስ ይቀረባል? ሞተሩስ ደንገልና እምቦጭ ውስጥ ምን ያጋጥመዋል? ሌላው ደግሞ፣ አንዳንድ የውጭ እንግዶች በአገራቸው የጨው ረግረግ ውስጥ በጀልባ እየዞሩ የሻርክ ጥርስ ቅሪተ አካል ስለሚለቅሙ "ጣና ላይስ የለም ወይ?" ይላሉ። ምን ይባሉ?

ጣና_ቀዛፊ
ሰዓቱን የሚወስንልህ ነፋሱ ነው። በበጋ ጣና ጎህ ሲቀድ ጸጥ ይላል። ፀሐይ የብሱን እያሞቀች ስትሄድ ከሐይቁ ወደ ዳር የሚነፍሰው ነፋስ ይነሳና ከቀትር በኋላ ይበረታል። ባሕር ዳር በደቡብ ዳርቻ ላይ ስላለች ማዕበሉ የሚደርሳት ከሰሜን፣ ሰፊውን ውሃ ሁሉ አቋርጦ ነው። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይስፋ እንጂ ጥልቀቱ በአማካይ 8 ወይም 9 ሜትር፣ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። የናንተ ጀልባ ደግሞ ጣራ ስላላት ነፋሱ ጣራውን ይዞ ያንገላታታል።

ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ገመድ ፍቱ፣ 5 ሰዓት ሳይሞላ ወደብ ግቡ። 12 ሰዓት ለመነሳት እንግዶቹ 11 ተኩል ላይ ወደብ መገኘት አለባቸው። "ቁርስ በልተን እንምጣ" ካሉ ጉዞው 2 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ያኔ የማለዳው ብርሃንም፣ የወፉ እንቅስቃሴም፣ ጸጥ ያለውም ውሃ አልፏል። ቁርሱን ጀልባዋ ላይ አድርጉት፤ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ በፔርሙስ ሻይ።

ከዘጌ በኩል ስትመለሱ ነፋሱ ከቀደማችሁ ማዕበሉ ከግራ ኋላ ይመጣባችኋል። ብዙ ነጂ እዚህ ላይ ደንግጦ ጋዙን ጭራሽ ይለቀዋል። ጀልባዋ ከማዕበሉ ፍጥነት ካነሰች ኋላዋን ገፍቶ ወደ ጎን ያዞራታል፣ የሚቀጥለው ማዕበል ጎኗን ያገኘዋል። መሪው እንዲታዘዝ ያህል ጋዝ ይኑራት፣ ማዕበሉን በሰያፍ ትቀበል፣ እንግዶች ከፊት ወደ መሃል ይምጡ።

ወሩን በተመለከተ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ መብረቅና ድንገተኛ ነፋስ አለ። የውሃውንም ከፍታ አስቡበት፦ ሐይቁ የሚሞላው መስከረምና ጥቅምት ነው፣ የሚጎድለው ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ልዩነቱም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል። በጥቅምት በነጻነት የገባችሁበት የደንገል መተላለፊያ ሚያዝያ ላይ ጭቃ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ወፍ_በማለዳ
በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ሁለት ቦታ ይበቃል። ሦስተኛ ከተጨመረ ጊዜው በሙሉ በሞተር ድምፅ ያልቃል።

መጀመሪያ በደብረ ማርያም ደሴት በኩል ወደ ዓባይ መውጫ ሂዱ፤ ከከተማው ወደቦች ሩብ ሰዓት ያህል ነው። እዚያ ደንገል፣ ፊላና ቀስ ያለ ውሃ አለ፣ ጉማሬም የሚታየው በዚያው አካባቢ ነው። ከዚያ በምዕራቡ ዳርቻ ወደ ኢንፍራንዝ ወንዝ አፍና ወደ ዘጌ ጥግ ውጡ። የጭምባ ረግረግና የግልገል ዓባይ አፍ ለወፍ እጅግ ሀብታም ናቸው፣ ግን ከዘጌ ማዶ ስለሆኑ የሙሉ ቀን ፕሮግራም ይፈልጋሉ። የፎገራዎቹ ረግረጎች ሸሸርና ዋላላ በመኪና በወረታ በኩል የሚሄዱባቸው ናቸው፣ ከጀልባ ጉዞ ጋር አትቀላቅሏቸው።

የት ምን እንደሚፈለግ ነጂው ካላወቀ አስጎብኚው ብቻውን አይችለውም። ዓሣ አዳኙ ንስር ውሃ ዳር ካለ ረጅም ዛፍ አናት ላይ ነው፤ ሁለት ሆነው ሲጮኹ ቀድሞ ድምፃቸው ይሰማል። ፔሊካኖቹ ዓሣ አጥማጆች ዓሣ የሚያወርዱበት አካባቢ ይሰበሰባሉ። ጃካና ረጃጅም ጣቶቿን ዘርግታ በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ ትራመዳለች፤ የምትገኘው ነፋስ በማይደርስበት የረግረግ ኪስ ውስጥ ነው። ጥቁርና ነጩ ኪንግፊሸር ክፍት ውሃ ላይ አየር ላይ ቆሞ ክንፉን እያራገበ ወደ ታች ያያል።

እንግዳው ሁሉ ፎቶ ሊያነሳው የሚፈልገው ግን ሰማያዊው ትንሹ ኪንግፊሸር፣ ማላካይቱ ነው። ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሩቅ አይገኝም። የሚቀመጠው ከውሃው አንድ ሜትር በማይሞላ ከፍታ፣ ወደ ውሃ ባጋደለ የደንገል አገዳ ላይ ነው። ሰማይ ሰማይ ሳይሆን የደንገሉን እግር ተመልከቱ። ዓሣ ሲይዝ ደግሞ አትንቀሳቀሱ፦ በጅራቱ በኩል ጨብጦ አገዳው ላይ ደጋግሞ ይመታዋል፣ መንቀሳቀሱን ሲያቆም አገላብጦ በራሱ በኩል ይውጠዋል። በጅራት በኩል ቢውጠው የክንፉ እሾህ ጉሮሮው ላይ ይሰካበታል። ይህንን ሁሉ ለማየት ግማሽ ደቂቃ ዝም ማለት ነው የሚጠይቀው።

ከአውሮፓ የሚመጡት ክሬኖች ክረምታቸውን እኛ ጋ የሚያሳልፉ ሲሆን ከኅዳር እስከ የካቲት ይገኛሉ። ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድሩና ጎህ ሲቀድ ወደ ታጨደ ማሳ ይበራሉ። ሲበሩ ለማየት ከሩቅ ጠብቁ። ጀልባዋ ቀርባ ካስነሳቻቸው የበረራው መልክ ይበላሻል፣ ወፎቹም ሳይደላቸው ኃይላቸውን ይጨርሳሉ። ዘውድ ያላቸው ጥቁር ክሬኖች ግን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው፣ የሚፈለፍሉትም በክረምቱ ዝናብ ጊዜ ረግረግ ውስጥ ነው። በዓለም ደረጃ ለአደጋ የተጋለጡ ተብለው የተመዘገቡ ስለሆኑ ከ150 ሜትር ወዲህ አትጠጉ፣ ጎጆ ካለ ደግሞ ጭራሽ መንገድ ቀይሩ።

አዲስ_ነጂ
ጉማሬን በተመለከተ፣ ከጥልቁ ውሃ በኩል ዞሮ ወደ ዳር መጠጋት ነው የሚሻለው። ጠዋት ፀሐይ ከኋላ ትሆንና እንግዳው በደንብ ያያል። ሞተሩም ይጥፋ፣ ድምፁ እንስሳውን ይረብሻል።

ጣና_ቀዛፊ
ወንድሜ @አዲስ_ነጂ፣ ሁለቱም አደጋ ስላለው በጥንቃቄ እንየው። ጉማሬ ሲፈራ የሚሸሸው ወደ ጥልቅ ውሃ ነው። አንተ ከጥልቁ በኩል ቆመህ ወደ ዳር ከተጠጋህ መሸሻውን ዘግተህበታል፤ የቀረው መንገድ በጀልባዋ በኩል ነው። ከዳር በኩል ደግሞ፣ ከግጦሽ ተመልሶ ወደ ውሃ በሚገባበት መውጫው ላይ መቆም ያው ነው። ስለዚህ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ሂድ፣ ጥልቁም መውጫውም ክፍት ይሁኑለት፣ የጀልባዋ አፍንጫ ወደምትወጣበት ይዙር። ፀሐይዋን ከኋላ ለማድረግ ስትል ይህንን አታፍርስ።

መውጫው ደንገሉ ውስጥ እንደ በር ተከፍቶ ይታያል። ጭቃው የለሰለሰ ነው፣ ግራና ቀኝ ሁለት መስመር ተረግጦ መሃሉ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ የግራና የቀኝ እግሮቹ ተራርቀው ስለሚረግጡ ነው። እርጥብ ከሆነ ገና አሁን አልፎበታል። እዚያ ፊት ለፊት ማቆም አይገባም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። 150 ሜትር ሲቀር ጋዙን ወደ ሚኒሞ (ወደ ዝቅተኛው ዙር) አውርድ። ጭንቅላት ቁጠር። ጉማሬ ውሃ ውስጥ እስከ 5 ደቂቃ ስለሚቆይ 5 ደቂቃ ሙሉ ቆይተህ እንደገና ቁጠር። መጀመሪያ 6 ቆጥረህ አሁን 5 ካገኘህ ስድስተኛው የት እንደወጣ ሳታውቅ ወደፊት የለም። ከ50 ሜትር ወዲህ በፍጹም አይቀረብም፣ ግልገል ካለ ከ100። ርቀቱን ለመገመት ጀልባችሁ 10 ሜትር ስለሆነች አምስት ጀልባ፣ አሥር ጀልባ ብለህ አስብ። ሞተሩ ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) ሆኖ ይሥራ እንጂ አይጥፋ። ተረብሾ የሚመጣ ጉማሬ ገመድ ስትስብ አይጠብቅህም፤ ደግሞም በሚኒሞ የሚሰማ ወጥ ድምፅ ጀልባዋ የት እንዳለች ይነግረዋል። አደጋ የሚበዛው ሳያውቅ ከሥሩ ብቅ ሲልብህ ነው።

አፉን ሲከፍት እንግዶች ማዛጋት ይመስላቸውና ካሜራ ያነሳሉ። ጥርሱን እያሳየህ ነው፣ ራቅ በል ማለቱ ነው። ከተደጋገመ፣ ወይም ውሃው ላይ ወዳንተ የሚመጣ ጉብታና የአረፋ መስመር ካየህ ማርሽ አስገብተህ ቀጥ ብለህ ውጣ፤ ዞሬ ልይ ብለህ ጎንህን አትስጠው። ምንም ባይፈጠርም ከ20 ደቂቃ በላይ አትቆይ። ሌሎች ጀልባዎችም ይመጣሉ፣ እንስሳው ቀኑን ሙሉ እየሸሸ ሊውል አይገባም።

በዓባይ መውጫ በኩል ወደ ጨረጨራ ግድብ በሮች አትውረዱ። ግድቡ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሐይቁን መውጫ ይቆጣጠራል፣ በሮቹ ሲከፈቱ የወራጁ ኃይል ይለወጣል። ሞተር እዚያ አካባቢ ቢጠፋ የሚወስዳችሁ ወደ በሮቹ ነው።

አዲስ_ነጂ
የመሸሻው ነገር ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። ከደንገሉ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ብንገናኝስ?

ጣና_ቀዛፊ
ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ጉማሬ እንዳለ ምልክት ካየህ አትገባም። ገብተህ ካገኘኸው ጥልቁን መስመር ልቀቅለትና ወደ ዝቅተኛው ውሃ ጠጋ በል፣ የጀልባዋን ጎን በመቅዘፊያ ቀስ እያልክ ነካ ነካ አድርግ፣ ከዚያ በመጣህበት በኋላ ማርሽ ቀስ ብለህ ውጣ።

የሞተር_ቤት
ወደ ሞተሩ እንምጣ። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን ምሥራቁ በኩል ነበር፤ ዛሬ ነፋስ የገፋው ቁራጭ የትም ሊያጋጥም ይችላል። ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ነጂው ቶሎ ያውቃል፣ ሞተሩ ይጮሃል ጀልባዋ አትሄድም። አደገኛው ሳይታወቅ የሚሠራው ነው፦ ቅጠልና ሥር የማቀዝቀዣውን ውሃ መሳቢያ ወንፊት ይሸፍነዋል። ከሞተሩ ጎን በቀጭኑ የምትፈሰውን ውሃ ሁልጊዜ ተመልከት። ቀጭን ከሆነች፣ ከቆራረጠች ወይም እንፋሎት ከተቀላቀለባት በደቂቃዎች ውስጥ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቀራል።

ሲዘጋ ጋዝ ቀንስ፣ ፎሌ አድርግ፣ ከዚያ ለሁለት ሦስት ሰከንድ የኋላ ማርሽ ስጠው፤ አብዛኛው ይተፋል። ካልተፋ አጥፋ፣ ቁልፉንና የማጥፊያውን ገመድ ንቀል፣ ሞተሩን ወደ ላይ አንሳ፣ በማጭድ ቁረጥ። ሞተሩ ሳይጠፋ እጅ ወደ ፕሮፔለር አይሄድም። ወንፊቱን በድሮ የጥርስ ብሩሽ ጥረግ። ሲነሳ ውሃዋ ካልመጣች የፓምፑ ጎማ ቢላዋዎች አልቀው ወይም ተሰብረው ይሆናል። በየዓመቱ የሚለወጥ ዕቃ ነው፣ ጭቃ ውሃ ላይ ለሚሠራ ደግሞ ቶሎ ቶሎ። የቆረጣችሁትን እምቦጭ መልሳችሁ ውሃ ላይ አትጣሉት፤ ከቁራጭ ይበቅላል። በከረጢት ወደ የብስ አውጡት፣ ከመነሳታችሁም በፊት የጀልባዋን ሆድ፣ መልህቁንና ገመዱን ፈትሹ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ከፍታውን ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ የናንተ 40 የፈረስ ጉልበት እዚህ ወደ 33 ነው። ከፋብሪካው በመጣችው ፕሮፔለር 10 ሰው ጭና ሙሉ ጋዝ ላይ ከ4,500 ዙር በላይ ካልወጣች ሞተሩ እየታፈነ ነው። በፒች (በአንድ ዙር ወደፊት በምትገፋው ርቀት) 1 ወይም 2 ኢንች የምታንስ ፕሮፔለር አስገባ፤ አንድ ኢንች ሲቀነስ ዙሩ በ200 ያህል ይጨምራል። ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ከወጣ ነዳጁ ከአየሩ በዝቷል፣ የካርቡራቶሩ ጄት (ነዳጅ የሚያልፍባት ቀዳዳ) ለከፍታው በሚሆን ትንሽ ቁጥር ይለወጥ።

ዘይቱ 50 ለ 1 ነው፦ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር። ዘይቱ ለጀልባ ሞተር የተሠራ፣ ቲ.ሲ. ደብሊው 3 የሚል ጽሑፍ ያለበት ይሁን። የሞተር ሳይክል ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ስለተሠራ እዚህ ካንዴላውና ፒስተኑ ላይ አመድ ይተዋል። ዘይቱን በትንሽ ቤንዚን አስቀድመህ በጥብጠው፣ ከዚያ ጨምረህ ጀሪካኑን አናውጠው። ሙሉ ጋዝ ላይ በሰዓት ከ16 እስከ 20 ሊትር ትጠጣለች፣ በቀስታ ሲኬድ ግን በጣም ያንሳል። ነዳጁን ለሦስት ክፈሉት፦ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ የማይነካ።

ጀልባዋ ላይ የማይጠፋ፦ 2 ካንዴላ ከነመፍቻው፣ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ማስነሻ ገመድ፣ ለፕሮፔለሩ ኮፒሊያ (ማሰሪያ ፒን)፣ ማጭድ፣ ባልዲ፣ 2 መቅዘፊያና ረጅም የቀርከሃ ዘንግ። ዘንጉን ማንም አይርሳው። ፕሮፔለሩ ከጀልባዋ ሆድ በታች ስለሚወርድ ውሃው ከ70 ሴንቲ ሜትር ሲያንስ ሞተሩ ይነሳና በዘንግ ይገፋል። የጉማራና የርብ ወንዞች በየክረምቱ ብዙ ደለል ስለሚያወርዱ አፋቸው ላይ የዓምናው መስመር ለዘንድሮ አይሠራም፤ በዘንግ እየለኩ ነው የሚገባው።

ደንገል
ደንገል ውስጥ ለመግባት ለምን ታንኳ አትጨምሩም? የብረቷ ጀልባ ክፍት ውሃ ላይ ትቁም፣ እንግዶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በየተራ በታንኳ ይግቡ። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ጥልቀት አይጠይቅም፣ ድምፅም የለውም፤ ወፉ ሳይነሳ አጠገቡ ይደረሳል። ገንዘቡም በቀጥታ ሙያው ላለው ሰው ይደርሳል፣ ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጣና_ቀዛፊ
@ደንገል ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን በልክ። ጉማሬ በሌለበት ኪስ ውስጥ ብቻ፣ ከዳር ሳይርቅ፣ አንድ ታንኳ ላይ ከቀዛፊው ሌላ አንድ እንግዳ ብቻ፣ ላይፍ ጃኬት ለብሶ። ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፤ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል። ከመሳፈር በፊት ታንኳው ዳር ላይ ተገልብጦ ሲደርቅ የነበረ መሆኑን፣ ማሰሪያዎቹም አለመላላታቸውን እዩ። እንግዳው እግሩን ዘርግቶ መሃል ላይ ይቀመጥ፣ አይንበርከክ፣ አይቁም።

ድንጋይ_አንባቢ
የቅሪተ አካሉን ነገር እኔ ልመልስ። ጣና ላይ የሻርክ ጥርስ አይገኝም። ያ ጉዞ የሚደረገው እንደ አሜሪካው ሳውዝ ካሮላይና ባለ፣ ጥንት ባሕር በሸፈነው ዝቅተኛ ዳርቻ ነው። የባሕሩ ውሃ በየቀኑ ሞልቶ ሲጎድል ደለሉን ያጥበዋል፣ ጥርሱም ይጋለጣል። ጣና ጨው አልባ ውሃ ነው፣ እንዲያ ሞልቶ የሚጎድል ማዕበል የለውም። ዙሪያው ያለው ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ባዛልት ነው፤ ሐይቁም የተጠራቀመው በደቡብ በኩል የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ መውጫውን ስለገደበው ነው። በቀለጠ ድንጋይ ውስጥ አጥንት አይቀርም።

እንግዳ ዳር ላይ አንስቶ "ጥርስ ነው? ቀንድ አውጣ ነው?" የሚላችሁ ነጭ ነገር ብዙውን ጊዜ ባዛልቱ ሲቀዘቅዝ የቀረ የጋዝ ቀዳዳ ውስጥ በኋላ የሞላ ማዕድን ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ድንጋዩን አገላብጡና ብዙ ተመሳሳይ ነጠብጣብ ካለበት፣ ሲሰበርም ጠፍጣፋ ገጽ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ማዕድን ነው። አሸዋ ላይ ያሉት ቀላል ዛጎሎች ደግሞ የዛሬዎቹ ቀንድ አውጣዎች ናቸው።

የሚነገራቸው ግን ሞልቷል። ከሐይቁ ወለል የተወሰደው የደለል ናሙና ጣና ከ17,000 ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደነበር፣ ውሃው ሲመለስም መጀመሪያ የደንገል ረግረግ እንደሆነ ያሳያል። ጀልባዋ ደንገሉ ዳር ቆማ ይህን ብትነግሯቸው ከሻርክ ጥርስ ያላነሰ ታሪክ ነው። እውነተኛውን ቅሪተ አካል የሚፈልግ ደግሞ ከሐይቁ በስተ ሰሜን ምዕራብ ስላለው ጭልጋ ይስማ። በባዛልት ንብብር መሃል በቀረ ደለል ውስጥ ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የጥንት ዝሆን ዘመዶችና ሁለት ግዙፍ ቀንድ የነበረው የአርሲኖይቴሪየም አጥንቶች ተገኝተዋል፤ ግኝቱም እ.ኤ.አ. በ2003 ለዓለም ተገልጿል። ከዝሆን ዘመዶቹ አንዱ ጭልጋቴሪየም ተብሎ የቦታውን ስም ይዟል። ያኔ አፍሪካና ዓረቢያ አንድ ላይ ሆነው ከእስያ በባሕር የተለዩ ነበሩ፤ ለዚህ ነው ግኝቱ ከብዶ የታየው።

ሕጉን ግን ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ንገሯቸው። በኢትዮጵያ ቅሪተ አካል የግል ንብረት አይሆንም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መፈለግም፣ መቆፈርም፣ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። አንድ ነገር በአጋጣሚ ቢገኝ አይነሳም፤ ባለበት ፎቶ ይነሳል፣ አጠገቡ ለመጠን ብዕር ይቀመጣል፣ ቦታው በስልክ ጂፒኤስ ይያዛል፣ ለባሕልና ቱሪዝም ቢሮ ወይም ለቅርስ ባለሥልጣን ይነገራል። ከቦታው የተነሳ አጥንት ከየትኛው ንብብር እንደመጣ ስለማይታወቅ ዕድሜው ይጠፋል፤ ዋጋውም ከዕድሜው ጋር ነው። በሳውዝ ካሮላይናም ቢሆን ከውሃ ሥር ለመልቀም ከግዛቱ ፈቃድ ይወጣል፣ ስለዚህ እንግዶቹ ነገሩ አዲስ አይሆንባቸውም።

ሰባታሚት23
@ድንጋይ_አንባቢ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ይገባል። ሁለት ነገር ቀርቶኛል፦ እንግዶች ውሃው ውስጥ እጃቸውን ሊነክሩ፣ ሊዋኙም ይፈልጋሉ። ካሜራ የያዙት ደግሞ ትራይፖድ ይዘው ይመጣሉ።

ጤና_ጣቢያ
መዋኘት አይሆንም በሉ፣ ምክንያቱንም ንገሯቸው። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ የሚወጣው ዳር ላይ፣ ተክል በበዛበት የቆመ ውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ነው፤ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በበረታችበት፣ ከረፋዱ 4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን ቆዳን በደቂቃዎች ውስጥ ይበሳል። ከጀልባ ሲወርዱ ውሃ ውስጥ መርገጥ ካለ የጎማ ቦት ጫማ ይደረግ። የረጠበ ሰው ወዲያው በፎጣ አጥብቆ ይድረቅ። ዳር ላይ ቆይቶ የረጠበ እንግዳ አገሩ ገብቶ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ይመርመር፣ ከተገኘበት በፕራዚኳንቴል ይድናል። ቶሎ ቢመረመር ላይታይ ስለሚችል ሳምንታቱን ጻፉላቸው።

ወባም በሐይቁ ዙሪያ አለ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወደብ ሲቆሙ ገና ጨለማ ነውና ረጅም እጅጌ፣ ካልሲና የትንኝ ቅባት ከሆቴል ጀምሮ ይኑር። ለመጠጥ ለአንድ ሰው 1.5 ሊትር ውሃ ይያዝ፤ የሐይቁ ውሃ ለመጠጥም ለፊት መታጠቢያም አይሆንም።

ወፍ_በማለዳ
ትራይፖዱ ሆቴል ይቅር። የሞተሩን ንዝረት ከወለሉ ተቀብሎ ወደ ካሜራው ይወስደዋል፣ ቦታም ይይዛል፣ ሰውም ያደናቅፋል። ክርን በጉልበት ላይ አስደግፎ በእጅ መያዝ ነው፤ ለበራሪ ወፍ ሹተሩ 1/2000 ሰከንድ፣ ለተቀመጠ 1/1000 ይበቃል። ሌንስ 400 ሚሊ ሜትር ካለ 50 ሜትር ላይ ያለው ጉማሬ ፍሬሙን ሞልቶ ይወጣል፣ ነጂውን "ትንሽ ጠጋ በል" የሚል አይኖርም። ለባይኖኩላር ከ10 በ42 ይልቅ 8 በ42 ውሰዱ፤ የሚያጎላው ሲበዛ የጀልባዋም መወዛወዝ አብሮ ይጎላል።

ጣና_ቀዛፊ
እግረ መንገዴን ስለ አቀማመጥ። ጉማሬ ሲታይ 8 ሰው በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ይቆማል፤ 8 ሰው ግማሽ ቶን ገደማ ነው። ጣራ ያላት ጀልባ ላይኛው ስለሚከብዳት ያንን አትችልም። ከመነሳት በፊት አራት አራት አድርጋችሁ ግራና ቀኝ መድቡ፣ "አይታችሁ ጨርሱ፣ እኔ አዙሬ ለሌላው ጎን አሳያለሁ" ብላችሁ ቃል ግቡላቸው፣ አዙራችሁም አሳዩ። ቃሉ ከተጠበቀ ማንም አይነሳም።

ላይፍ ጃኬት ከወንበር ሥር የተቀመጠ ከሌለ አይለይም። ወደብ ላይ ይለበስ፣ ዚፑና መቆለፊያው ይዘጋ፣ ከዚያ አስጎብኚው በሁለቱም ትከሻ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ወደ ጆሮ ከወጣ ሰፍቷል፣ ይጠበቅ ወይም ይለወጥ። ለሕፃን በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው፣ አንገት የሚደግፍ ብቻ።

ሰባታሚት23
ወፍ ስናይ መልህቅ እንጣል ወይስ ደንገሉ ላይ እንሰር?

ጣና_ቀዛፊ
ደንገሉ ላይ አትሰሩ። ዳር ዳሩ ያለው ብዙ ጊዜ ተንሳፋፊ ስለሆነ ነፋስ ሲነሳ ተነቅሎ አብሯችሁ ይሄዳል፣ ሲጎተትም በውስጡ ያለ ጎጆ ይፈርሳል። ወለሉ ለስላሳ ጭቃ ስለሆነ ቀላል መልህቅ ይንሸራተታል። ውሃው ከ2 ሜትር በታች ከሆነ የቀርከሃውን ዘንግ ጭቃው ውስጥ ግማሽ ሜትር ያህል ተክላችሁ በአንድ ዙር ገመድ ያዙት፤ ቋጠሮ አታድርጉበት፣ በአንድ መሳብ የሚለቅ ይሁን። ጉማሬ ባለበት አካባቢ ግን ዘንግም መልህቅም የለም፤ ሞተር ፎሌ ላይ፣ እጅ ጋዝ ላይ።